ገመናዋን ማን ጻፈው?

የተከበራችሁ እንግዶች፣ ውድ የንባብ ማኅበራችን አባላት፣ እንደምን አመሻችሁ።

አዘጋጆቹ «በ18ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ስማቸው በቅሌት ስለተነሣ ሴቶች ተናገሪ» ሲሉኝ መጀመሪያ ያደረግሁት የስም ዝርዝር መጻፍ ነበር። ወረቀቱ በአንድ ምሽት ሞላ። ዝርዝሩን ደግሜ ሳነበው ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ስለ እነዚህ ሴቶች ከምናውቀው አብዛኛውን የጻፉት ከሳሾቻቸው፣ የባሎቻቸው ጠበቆችና ወሬ የሚሸጡ ጋዜጦች ናቸው። ስለዚህ ዛሬ ጥቂቶቹን ከደጃፍ ሰላም ብዬ አልፋለሁ፤ ከአንዷ ቤት ግን ገብቼ እቀመጣለሁ። የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ።

ኤልዛቤት ቸድሊ በ1744 አንድ የባሕር ኃይል መኮንን በምስጢር አገባች። ትዳሩ አልሰመረም። በ1769 የኪንግስተንን መስፍን አገባች፤ መስፍኑ ሲሞት ውርሱን የፈለጉ ዘመዶቹ የድሮውን ጋብቻ ቆፍረው አወጡ። በ1776 ለንደን ዌስትሚንስተር አዳራሽ በመኳንንቱ ሸንጎ ፊት ቆመች፤ ሕዝቡም እንደ ትያትር ተጋፍቶ ተመለከታት። በሁለት ባል ጥፋተኛ ተባለች። የመኳንንት ወገን በመሆኗ ከቅጣቱ አምልጣ አገር ጥላ ወጣች።

ሴይሙር ዎርስሊ ከአንድ ካፒቴን ጋር ኮበለለች። ባሏ ሰር ሪቻርድ ካፒቴኑን ከስሶ 20,000 ፓውንድ ካሣ ጠየቀ። ነገሩን ልብ በሉ፤ የተከሰሰው ወንዱ ነው፣ ከሳሹም ወንድ ነው። እሷ በክርክሩ ውስጥ ወገን አይደለችም፤ ተጎዳ የተባለ የባል ንብረት ናት። በ1782 ችሎት ላይ ግን ሰር ሪቻርድ ራሱ ካፒቴኑን አንሥቶ ሚስቱን በመታጠቢያ ቤት መስኮት እንዲያያት ማድረጉ ተመሰከረ። ዳኞቹ ለባልየው አንድ ሽልንግ ፈረዱለት። ምስክሮቹን እንዲቀርቡ ያደረገችው እሷው ናት፤ ካፒቴኑን ከዕዳ ለማዳን ስትል የራሷን ገመና አደባባይ አወጣች።

ፈረንሳዊቷን ኤሚሊ ዱ ሻትሌንም ሳልጠቅስ ባልፍ ይቆጨኛል። ብዙ ሰው የቮልቴር ወዳጅ እንደነበረች ያውቃል። የኒውተንን ታላቅ የፊዚክስ መጽሐፍ ወደ ፈረንሳይኛ መልሳ፣ ማብራሪያ አክላ፣ በ42 ዓመቷ ከወለደች በቀናት ውስጥ በመስከረም 1749 መሞቷን ግን የሚያወራው ጥቂት ነው። አርግዛ ሳለች ልሞት እችላለሁ የሚል ፍርሃት ነበረባትና ሥራውን ለመጨረስ ሌት ተቀን ትጽፍ ነበር። ትርጉሙ ሙሉ ሆኖ የታተመው ከ10 ዓመት በኋላ ነው።

አሁን ወደ ቤቱ ልግባ። ኤሚሊ በሞተችበት በዚያው በ1749፣ በየካቲት ወር፣ ለንደን ውስጥ ሜሪ ኤሊኖር ቦውስ ተወለደች።

አባቷ ጆርጅ ቦውስ በሰሜን እንግሊዝ ደርሃም አውራጃ የድንጋይ ከሰል ባለጸጋ ነበር። ሌላ ልጅ የለውም። ያን ጊዜ ለሴት ልጅ ይበቃል ከሚባለው ጥልፍና ጭፈራ አልፎ ቋንቋና ንባብ አስተማራት፤ የጊብሳይድ ርስቱን ዛፍና አበባ እያየች አደገች። በ1760 አባቷ ሲሞት የ11 ዓመት ልጅ ናት፤ በብሪታንያ ከነበሩ ሀብታም ወራሾችም አንዷ ሆነች። አባትየው በኑዛዜው አንድ ነገር አሰረ፦ ልጄን የሚያገባ ሰው የቦውስን ስም ይውሰድ። በ18ኛ ዓመት ልደቷ ቀን የስትራትሞርን ኧርል ስታገባ፣ ባላባቱ ስሙን በፓርላማ ሕግ አስቀየረ። ካውንቴስ፣ ማለትም የኧርል ሚስት፣ ተባለች፤ አምስት ልጆች ወለደች። በግጥም ትያትር ጻፈች። ከሁሉ በላይ የምትወደው ግን ተክል ነበር። ለንደን ቼልሲ ውስጥ የመስታወት ተክል ቤቶች አሠራች፤ ዊልያም ፓተርሰን የተባለ ስኮትላንዳዊ በደቡብ አፍሪካ ኬፕ ዞሮ ዕፀዋት እንዲሰበስብላት ወጪውን ችላ ላከችው።

ባሏ በ1776 በሳምባ ነቀርሳ፣ ወደ ሊዝበን ሲጓዝ ባሕር ላይ ሞተ። በ27 ዓመቷ መበለት ሆነች። እዚህ ላይ እውነቱን ሳልሸፋፍን ልናገር፤ ጻድቅ ናት ልላችሁ አልመጣሁም። ባሏ ሳይሞት ጆርጅ ግሬይ ከሚባል ሰው ጋር ወዳጅነት ጀምራ ነበር፤ አርግዛ ጽንስ አስወርዳለች፤ የመጀመሪያ ወንድ ልጇን እንደሌሎቹ እንዳልወደደችው ራሷ ጽፋለች። ጋዜጦቹም ይህን መሰል ነገር ሲያገኙ አይለቁም።

አንድሩ ሮቢንሰን ስቶኒ የሚባል አየርላንዳዊ የጦር መኮንን በዚህ መሀል ገባ። ቀድሞ አንዲት የከሰል ባለጸጋ ወራሽ አግብቶ ቀብሯል። «ሞርኒንግ ፖስት» በተባለው ጋዜጣ ካውንቴሷን የሚያዋርዱ ጽሑፎች ይወጡ ጀመር፤ እሷን የሚከላከሉም ይወጡ ነበር። ሁለቱንም ያጽፍ የነበረው ስቶኒ መሆኑ የታወቀው ዘግይቶ ነው። በጥር 1777 ስቶኒ «ለክብሯ» ብሎ የጋዜጣውን አዘጋጅ ለፍልሚያ ጠራ። በአንድ የለንደን መጠጥ ቤት ክፍል ውስጥ፣ በር ተዘግቶ፣ በሽጉጥና በጎራዴ ተዋጉ ተባለ፤ ስቶኒ ደም በደም ሆኖ ተገኘ፤ ሐኪሞች አይተርፍም አሉ። የሚሞት ሰው የመጨረሻ ልመናው እሷን ማግባት ነበር። እሷም አዘነች፤ የሚሞትላትን ሰው እምቢ ማለት አልሆነላትም። በአራተኛው ቀን በቃሬዛ ወደ ቤተ ክርስቲያን ተወስዶ ተጋቡ።

ብዙም ሳይቆይ ሙሽራው ተነሥቶ ሄደ። ፍልሚያው ከአዘጋጁ ጋር የተመከረበት ድራማ ነበር።

እኛ «ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል» እንላለን። የእንግሊዝ ሕግ ደግሞ ባልና ሚስት በሕግ ፊት አንድ ሰው ናቸው ይል ነበር፤ የዚያ አንድ ሰው እጅ፣ ፊርማና ኪስ የባልየው ነው። ሚስት በስሟ ውል አትዋዋልም፣ አትከስስም፤ ገንዘቧ ወደ ባሏ ያልፋል። ሜሪ ኤሊኖር ግን ከሠርጉ ጥቂት ቀናት ቀደም ብላ፣ ግሬይን ለማግባት ስታስብ፣ ሀብቷን በራሷ እጅ የሚያቆይ ሰነድ በምስጢር ፈርማ ነበር። ስቶኒ ይህን ሲያውቅ በዱላ አስፈራርቶ፣ በግንቦት 1777 ሰነዱን የሚሽር ሌላ ወረቀት አስፈረማት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ስምንት ዓመታት የመከራ ናቸው። ይመታታል፣ ምግብ ይከለክላታል፣ ከአትክልት ቦታዋ ያግዳታል። የአገሪቱ ባለጸጋ ሴት ልብስ ከአገልጋዮቿ ትዋስ ነበር። የጊብሳይድን ዛፍ እያስቆረጠ ሸጠው። ፓተርሰን አፍሪካ ውስጥ ሆኖ ወጪው ተቋረጠበት። በ1778 ደግሞ ስቶኒ ወረቀትና ቀለም አቅርቦ «ያደረግሽውን ሁሉ ጻፊ» አላት። ኃጢአቷን፣ ወዳጆቿን፣ ያስወረደችውን፣ ለልጇ ያላትን ስሜት በእጇ አስጻፋት።

የዛሬው ንግግሬ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። ስለ እሷ ቅሌት ዋና ማስረጃ ተብሎ የሚጠቀሰው ይህ የኑዛዜ ጽሑፍ ነው። በዱላ ሥር የተጻፈ ነው። ስቶኒ በፍች ክርክሩ ላይ በፍርድ ቤት አስነበበው፤ በ1793ም ታትሞ ወጣ። የታወቀው የካርቱን ሣዓሊ ጊልሬይ ደግሞ የገዛ ልጇን ትታ ድመቶች የምታጠባ አድርጎ ሣላት። ሥዕሉን አይቶ የሳቀ ሰው ከጀርባው የማን እጅ እንዳለ አላወቀም። እኔም ተማሪ ሳለሁ በመጀመሪያ ያገኘኋት በዚያ ኑዛዜ በኩል ነው፤ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ለረጅም ጊዜ ፈረድኩባት።

ያዳኗት ከመኳንንቱ ወገን አይደሉም። በ1784 ሜሪ ሞርጋን የምትባል ደንገጡር ተቀጠረች። እመቤቷን ስታለብስ በገላዋ ላይ ያለውን ሰንበር አየች። በየካቲት 3 ቀን 1785፣ ስቶኒ ውጭ እራት ሲበላ፣ ሜሪ ሞርጋን እመቤቷን ይዛት ከቤት ወጣች። ካውንቴሷ የያዘችው ሀብት የለበሰችው ልብስ ብቻ ነበር። በቤተ ክህነቱ ፍርድ ቤት በዝሙትና በጭካኔ ከሰሰችው። አሽከሮችና የቤት ሠራተኞች እየተነሡ ያዩትን መሰከሩ፤ ጌታን የከዳ አሽከር ሌላ ቤት መቀጠሩ አጠራጣሪ በነበረበት ዘመን።

ስቶኒ እንደሚሸነፍ ሲያውቅ ጠለፋት። ጠለፋ የሚለውን ቃል እኛ አገር ማንም አያስረዳንም። ኅዳር 10 ቀን 1786፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ኦክስፎርድ ጎዳና ላይ ከሱቅ ስትወጣ ያዟት። እንዲጠብቃት የቀጠረችው የጸጥታ ሰው በስቶኒ ገንዘብ ተገዝቶ ነበር። በሰረገላ ወደ ሰሜን እያበረሩ፣ ክሱን የምትተውበትን ወረቀት አቀረበላት። አልፈርምም አለች። ሽጉጥ ራሷ ላይ ደቀነ። «ተኩስ» አለችው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት በዱላ ፈርማለች፤ አሁን በሽጉጥ አልፈረመችም። በሰሜን ባለው የቤተሰቧ ርስት፣ በስትሪትላም ቤት አቆያት፤ የአካባቢው የከሰል ቆፋሪዎች ቤቱን ሲከቡት በሌሊት አሾልኮ፣ በኅዳር ብርድ፣ በበረዶ በተሸፈነ ተራራ በፈረስ አዟዟራት። በመጨረሻ ዳርሊንግተን ከተማ አጠገብ፣ በሜዳው የነበሩ ገበሬዎች ከበቡት፤ ስቶኒን ከፈረሱ ጥለው እሷን አስለቀቋት። ለንደን ስትመለስ በእግሯ መቆም ስላልቻለች ችሎት የገባችው ተሸክመዋት ነው።

ስቶኒ ሦስት ዓመት እስራትና 300 ፓውንድ ቅጣት ተፈረደበት። በ1789 የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ ፍችውን አጸናላት። ያን ጊዜ ፍች የሚባለው ተለያይቶ መኖር ነው፤ ዳግም ማግባት አይፈቀድም። በምስጢር የፈረመችው የጋብቻ ቅድመ ሰነድም ጸና፤ በዱላ ያስፈረማት መሻሪያ ፈረሰ። ሕግ የምትማሩ ልጆች ይህን ክርክር በመጽሐፋችሁ ታገኙት ይሆናል። ባሎች ግን የሚስቶቻቸውን ሀብት መጠቅለላቸውን አልተዉም፤ ያገባች እንግሊዛዊት በስሟ ንብረት እንድትይዝ የፈቀደው ትልቁ ሕግ የወጣው በ1882 ነው።

ሜሪ ኤሊኖር በ1800 ሞተች፤ በዌስትሚንስተር ገዳም ባለቅኔዎች በሚያርፉበት ማዕዘን ተቀበረች። ስቶኒ እስከ 1810 ኖረ፤ ከእስረኝነትና ከዕዳ ሳይወጣ ሞተ። የዘር ሐረጓ እስከ ዛሬ አልተቋረጠም። በ1965 አዲስ አበባ የመጡት፣ አባቶቻችን በየጎዳናው ቆመው የተቀበሏቸው ንግሥት ኤልዛቤት በእናታቸው በኩል የእሷ ዘር ናቸው። የደረቁ ዕፀዋቷን ለማኖር ያሠራችው ቁም ሣጥን ዛሬም በሰሜን እንግሊዝ፣ የልጅ ልጇ ጆን ቦውስ ባቋቋመው ቤተ መዘክር ውስጥ አለ።

ደንገጡሯ ሜሪ ሞርጋን ከእመቤቷ አራት ዓመት ቀድማ ሞተች። ካውንቴሷ በመጨረሻ ዘመኗ ትኖርበት በነበረው አካባቢ፣ በክራይስትቸርች ቤተ ክርስቲያን፣ ለደንገጡሯ ጀግንነት የመታሰቢያ ጽሑፍ በድንጋይ አስቀረጸች። ለዚያ ጽሑፍ በላይዋ ዱላ ይዞ የቆመ ማንም አልነበረም።

አመሰግናለሁ።