90 ዲግሪ ያልሆነ ጥግ፦ ግድግዳን በሥዕል ላይ በወጉ ስለ ማገናኘት

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቻችን፣

አዲስ አበባ ውስጥ የይዞታው ወሰን በ70 ወይም በ110 ዲግሪ የሚታጠፍበት ቦታ ብዙ ነው፤ ወሰኑን የሚከተለው ግድግዳም አብሮ ይታጠፋል። በሥዕል ላይ ሁለቱን ግድግዳ እናነካካና ጥጉን ፕሮግራሙ እንዲጨርሰው እንተወዋለን። ይጨርሰዋል፤ ግንበኛው ይሥራው አይሥራው ግን ፕሮግራሙ አያውቅም።

በቁጥር እንየው። ሁለት ባለ 20 ሴንቲ ሜትር ግድግዳዎች በ90 ዲግሪ ሲገናኙ ከውስጠኛው ጥግ እስከ ውጨኛው ጥግ 28.3 ሴንቲ ሜትር ነው። ማዕዘኑ ወደ 45 ሲጠብ 52.3፣ ወደ 30 ሲጠብ 77.3 ይሆናል። ስሌቱ ውፍረቱን ለማዕዘኑ ግማሽ ሳይን ማካፈል ነው። 40 በ20 በ20 የሆነው ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ እንዲህ ባለ ሹል ቅርጽ ሲቆረጥ ይፈረካከሳል፤ ልስኑም ጫፉ ላይ ቶሎ ይረግፋል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ጥጉን የሚይዘው ኮለን (የኮንክሪት ምሰሶ) ነው ወይስ ብሎኬት የሚለውን ወስኑ። ኮለን ካለ ሁለቱም ግድግዳዎች ኮለኑ ፊት ላይ ይቁሙ፤ ሹል ጫፍ መሣል አያስፈልግም።

ሬቪት በተባለው የሕንፃ ሥዕል ፕሮግራም ላይ ሥራው የሚጀምረው ከሎኬሽን ላይን፣ ማለትም ግድግዳው ከሚለካበት መስመር ነው። ወሰን ላይ ለሚቆም ግድግዳ «ፊኒሽ ፌስ ኤክስቲሪየር»ን (የተጠናቀቀውን ውጨኛ ፊት) ምረጡ። ኋላ ግድግዳው ከ15 ወደ 20 ቢቀየር ውጨኛው ፊት ሳይነቃነቅ ውፍረቱ ወደ ውስጥ ይጨምራል። «ዎል ሴንተርላይን» (የግድግዳው መካከለኛ መስመር) ላይ ከተዋችሁት ግን በየጎኑ 2.5 ሴንቲ ሜትር ይገፋል፤ የውጨኛው ጭማሪ ጎረቤት ይዞታ ውስጥ ይገባል።

ማዕዘኑን በቁጥር ጻፉት። 60 መሆን የነበረበት 59.98 ሆኖ ቢቀር በ20 ሜትር ላይ 7 ሚሊ ሜትር ያዛባል። ከዚያ ሁለት ግድግዳን ጥግ ላይ ቆርጦ የሚያገናኘውን ትዕዛዝ ቲ አር (TR) ብላችሁ በሁለቱም ግድግዳ ላይ የሚቀረውን ክፍል ንኩ።

አሁን «ሞዲፋይ» ውስጥ «ዎል ጆይንስ»ን ከፍታችሁ ጥጉን ምረጡ። «በት» አንዱን ግድግዳ ከሌላው ጎን ላይ ያቆመዋል፤ የትኛው እንደሚያልፍ በ«ኔክስት» ይቀያየራል። «ማይተር» ሁለቱንም በሰያፍ ይቆርጣል፤ ከ90 ለሚሰፋ ማዕዘን የምንመክረው ይህንን ነው። ከ60 ለሚጠብ ብሎኬት ግን «ስኩዌር ኦፍ» ይሻላል፤ ሹሉን አስቀርቶ ጫፉን በ90 ዲግሪ ይዘጋዋል።

ጥጉ ተገናኝቶም ልስኑ ብሎኬቱን ሲያቋርጠው ካያችሁ የግድግዳው ሽፋኖች የሚዘረዘሩበት «ኤዲት ስትራክቸር» ውስጥ ግቡ። ሽፋኖች የሚገናኙት በተሰጣቸው ተግባር ቅደም ተከተል ነው፤ «ስትራክቸር» 1 ሲሆን «ፊኒሽ 2» 5 ነው። በአንዱ ግድግዳ ብሎኬቱ 1፣ በሌላው 4 ተብሎ ከተመዘገበ አይዋሃዱም። «ኮርስ» የተባለው ዝርዝር የሌለው እይታ ሽፋኖቹን ስለማያሳይ ይህ ስሕተት የሚገኘው በ«ሚዲየም» ወይም በ«ፋይን» ነው።

አንድ ነገር አጥብቀን እንለምናችሁ፤ ጥግ አልታዘዝ ሲል መገናኘትን የሚከለክለውን «ዲስአላው ጆይን» አትበሉት። ግድግዳዎቹ ተደራርበው ይቀራሉ፤ የተደራረበው መጠን ሁለት ጊዜ ይቆጠርና የሥራ ዝርዝሩ ላይ ያለውን ኪዩቢክ ሜትር ያሳስታል። ትዕዛዙ የተሠራው ግድግዳዎቹ በእውነትም ተለያይተው ለሚቆሙበት ቦታ ነው፤ ለምሳሌ ለኤክስፓንሽን ጆይንት (ሕንፃው በሙቀት ሲለጠጥና ሲኮማተር እንዳይሰነጠቅ ለሚተው ክፍተት)።

አርኪካድ የተባለውን ፕሮግራም የምትጠቀሙ፣ የግድግዳዎቹ የሬፈረንስ (መነሻ) መስመሮች ጫፍ ለጫፍ መንካታቸውን እዩ። ነክተውም ካልተዋሃዱ ግድግዳዎቹ ያሉባቸው ሁለት ሌየሮች (የሥዕል ንብርብሮች) የተለያየ የኢንተርሴክሽን (መገናኛ) ቁጥር ይዘው ይሆናል፤ አንድ ዓይነት አድርጉት።

አውቶካድ በተባለው ፕሮግራም ላይ ደግሞ ሁለት መስመርን የሚያገናኘውን «ፊሌት»ን በራዲየስ 0 ተጠቀሙ፤ ውጨኛውን መስመር ከውጨኛው፣ ውስጠኛውን ከውስጠኛው። ሁለተኛውን መስመር ስትመርጡ ሺፍትን ብትይዙ ራዲየሱ የፈለገውን ቢሆን እንደ 0 ይቆጠራል።

ከ60 ዲግሪ ለሚጠብ ጥግ ሁሉ በ1:20 ዝርዝር ሥዕል አውጡ፤ ብሎኬቱ የት እንደሚቆረጥና የውጨኛው ጥግ ነጥብ ከአክሲስ (ከሕንፃው መለኪያ መስመር) ስንት እንደሚርቅ ይጻፍበት። ሳይት ላይ ያለው ሰው ክሩን የሚወጥረው ከዚያ ነጥብ ነው።