ልጁ ያውቃል

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ልጆችም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የካቲት 8 ነው፣ የዓለም የሕፃናት ካንሰር ቀን። ብዙዎቻችሁን በመልክ አውቃችኋለሁ። ከአንዳንዶቻችሁ ጋር ስንት ሌሊት አብረን አድረናል። ስለዚህ እንደ ቤተሰብ ላውራችሁ።

የተሰጠኝ ርዕስ «የሕፃናት ካንሰር ሕክምና የት ደረሰ» የሚል ነው። እሱን ባጭሩ ልበለው። በዓለም ላይ በየዓመቱ 400 ሺህ ገደማ ልጆችና ታዳጊዎች ካንሰር ይይዛቸዋል። በሀብታም አገሮች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ይድናሉ። በብዙ ድሃ አገሮች የሚድኑት ከ30 በመቶ በታች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. አንድ ዕቅድ አውጥቷል፣ በ2030 ቢያንስ 60 በመቶዎቹ እንዲድኑ። እኛም አገር ድሮ ሁሉም ሰው ወደ ጥቁር አንበሳ ነበር የሚመጣው፤ አሁን ጂማም፣ ጎንደርም፣ መቀሌም ልጆች ይታከማሉ። ትልቅ ነገር ነው።

እኔ የመጣሁት ግን ሌላ ነገር ልናገር ነው። ልጁ ይድናል ወይስ አይድንም እያልን ስንጨነቅ፣ በመሀል እንዴት እየኖረ ነው የሚለውን ማንም አይጠይቅም። የደም ካንሰር ሕክምና ሁለት ሦስት ዓመት ይፈጃል። ለሰባት ዓመት ልጅ ይህ ማለት የሚያስታውሰው ዕድሜ ግማሽ ነው። ያንን ሁሉ ጊዜ ምን እንደያዘው ሳይነገረው ነው የሚያሳልፈው። ቁጭቴ ይሄ ነው።

«ሲስተር፣ አደራ፣ ለልጁ እንዳትነግሪው።» ገና በሩ ላይ የምሰማው ቃል ይሄ ነው። እናት ትለኛለች፣ አባት ይለኛል፣ ከአገር ቤት የመጣ አጎት ኮሪደር ላይ ጎትቶ ወስዶ ይለኛል። ከየት እንደመጣ ይገባኛል። እኛ አገር መርዶ እንኳ ሰውና ሰዓት ተመርጦ ነው የሚነገረው። ከፍቅር ነው። ግን ልጁን ምን እንደሚያደርገው ላሳያችሁ።

አንድ ልጅ ነበር፣ አሥር ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው። የደም ካንሰር ነው፣ «ደም ማነስ ነው» ተብሎ ነው የተነገረው። አጠገቡ ያለው አልጋ ላይ ደግሞ የእሱ እኩያ ነበር። ቀኑን ሙሉ በጠርሙስ ክዳን ዳማ ሲጫወቱ ይውላሉ፣ ሌላው ቀርቶ ምግብ እንኳ ካልተጠባበቁ አይበሉም ነበር። አንድ ሌሊት ያ ልጅ አረፈ። ጠዋት ይሄኛው ሲነቃ አልጋው ተነጥፏል። «የት ሄደ?» አለ። እናቱ «ድኖ አገሩ ገባ» አለችው። ዝም አለ። እኔ መድኃኒት ልሰጠው ስመጣ ጎንበስ ብሎ አልጋው ሥር ያሳየኛል፤ የጓደኛው ጫማ እዚያው ነው። ሰማያዊ የፕላስቲክ ጫማ፣ አንደኛው ማሰሪያ በክር የተሰፋ። «ሲስተር፣ አገሩ የገባ ልጅ በባዶ እግሩ ነው የሄደው?» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ምን አለኝ መሰላችሁ፤ «ለእማዬ እንዳትነግሪያት፣ እኔ እንዳወቅኩ ካወቀች ታለቅሳለች።»

ልብ በሉ። እናትየዋ ልጇ እንዳይደነግጥ ትደብቃለች። ልጁ እናቱ እንዳትደነግጥ ይደብቃል። አንድ አልጋ ላይ እያደሩ፣ አንድ ሳህን እየበሉ፣ ሁለቱም ለየብቻቸው ፈርተዋል።

በዚያው ቀን ከሐኪሙና ከእናቱ ጋር ተቀመጥን። እናትየዋ መጀመሪያ እንቢ አለች። «ተስፋ ይቆርጣል» አለች። ልጁ ራሱ ያለውን ስንነግራት ነው የተሸነፈችው። ከዚያ ሐኪሙ ለልጁ ነገረው። ካንሰር እንደሆነ፣ ደሙ ውስጥ የተበላሹ ህዋሶች እንደበዙ፣ መድኃኒቱ እነሱን ለመግደል እንደሆነ፣ ጓደኛው እንደሞተ፣ የሁለቱ በሽታ ግን አንድ ዓይነት እንዳልነበረ። አለቀሰ፣ እናቱም አለቀሰች፣ አብረው ነው ያለቀሱት። በነጋታው «ዛሬ የምትሰጪኝ የትኛውን ነው?» እያለ የኬሞውን፣ የካንሰር መድኃኒቱን፣ ስም መጠየቅ ጀመረ። ዛሬ ሕክምናውን ጨርሶ ለክትትል ብቻ ነው የሚመጣው። ስለተነገረው ነው የዳነው እያልኩ አይደለም፣ መድኃኒቱ ነው ያዳነው። ግን ፍርሃቱን ብቻውን ተሸክሞ አልከረመም።

ይህ የእኛ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ማይራ ብሉቦንድ-ላንግነር የምትባል አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስት፣ የሰውን ባህልና አኗኗር የምታጠና ባለሙያ፣ ሆስፒታል ገብታ ከሦስት እስከ ዘጠኝ ዓመት ካሉ የደም ካንሰር ሕሙማን ልጆች ጋር ከረመች። ማንም ሳይነግራቸው ያውቁ ነበር። እንደሚሞቱ ሳይቀር ያውቁ ነበር። የማያውቁ የሚመስሉት ለወላጆቻቸው ሲሉ ነው። ሃምሳ ዓመት አለፈው። እኛ አሁንም ኮሪደር ላይ እንንሾካሾካለን!

ውሸቱ ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል። «ፎቶ ልንነሳ ነው» ተብሎ ሄዶ ጀርባው ላይ በመርፌ የተወጋ ልጅ አውቃለሁ። አራት ሰው ይዞት ነው የተወጋው። ከዚያ በኋላ ነጭ ጋዎን የለበሰ ሰው ምሳ ይዞለት እንኳ ሲገባ ይጮኻል። አባቱ «ና ሽንት ቤት እንሂድ» ሲለው አያምነውም። ያ ልጅ ገና ስንት መርፌ ይጠብቀዋል! ባልደረቦቼ፣ ይሄ ለእኛ ነው፦ የሚያደነዝዘው ሊዶኬይን ውድ አይደለም፣ የሚያስተኛው ኬታሚንም አገራችን ውስጥ ስንሠራበት የኖርነው መድኃኒት ነው። ሕፃን ልጅ ተጨፍልቆ ተይዞ መቅኒ የሚወሰድበት ምክንያት የለም። «ቶሎ ያልቃል» አትበሉኝ። ለእናንተ ነው ቶሎ የሚያልቀው።

እንዴት እንንገር? ለትንንሾቹ አጭር ይበቃል። የሦስት የአራት ዓመት ልጅ ትልቁ ፍርሃቱ እናቱን ማጣት ነው፤ «አብሬህ ነኝ፣ መርፌው ያማል፣ ከዚያ ያልቃል» በሉት። የጨርቅ አሻንጉሊት ስጡትና መጀመሪያ እሱ ይውጋት። ከፍ ያሉት ደግሞ «ምን አጥፍቼ ነው?» ብለው በልባቸው ይይዙታል። ወንድሜን ስለመታሁ ነው፣ እግዜር ተቆጥቶኝ ነው ይላሉ። ሳይጠይቋችሁ በፊት «አንተ ያጠፋኸው የለም» በሏቸው። ጠበሉንም ዱዓውንም አትተዉ፣ ማንም ተዉ አላላችሁም፣ መድኃኒቱን ብቻ አታቋርጡ። ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን ክኒን የሚወስድ ልጅ ሌሊት ተነስቶ እንጀራ አምጡ ሊል፣ እናቱን ሊማታ ይችላል። ባለጌ ሆኖ አይደለም፣ ክኒኑ ነው። ቪንክሪስቲን የሚባለው ኬሞ እግር ያሳምማል፣ ሆድ ያደርቃል። ቀድሞ የተነገረው ልጅ እንዲህ ሲሆን አይደነግጥም። ጸጉር ሲረግፍም እንደዚሁ። ማዳን የማይቻልበት ቀን ሲመጣስ? ያኔም አትዋሹ። ሁሉን በአንድ ቀን አውጡት አላልኩም፤ የጠየቀውን ያህል መልሱለት።

ትምህርት ቤት ላይ ላንሳና ልጨርስ። አንዲት ልጅ ሕክምናዋ ረገብ ሲልላት ኮፍያ አድርጋ ክፍል ገባች። ኮፍያ ክልክል ነው ተብላ ልጆች ፊት አስወለቋት። ከዚያ ደግሞ የሌሎች ልጆች ወላጆች «ይተላለፋል» ብለው ከልጃችን ጋር አትቀመጥ አሉ። ካንሰር አይተላለፍም! በትንፋሽ አይተላለፍም፣ በምሳ ዕቃ አይተላለፍም። እንዲያውም መፍራት ያለባት እሷ ነች፣ ኬሞው የመከላከል አቅሟን ስላዳከመው የጎረቤቷ ጉንፋን ነው የሚያሰጋት። ርዕሰ መምህራን እዚህ አላችሁ መሰለኝ። አንድ ኮፍያ መፍቀድ በጀት አይጠይቅም።

እህትና ወንድሞቻቸውንም እንዳትረሷቸው፣ ቤት ቀርተው ማንም ምንም ያልነገራቸው እነሱ ናቸው። አባቶችም ኑ፤ አልጋው ሥር ካርቶን ዘርግታ የምትተኛው ሁልጊዜ እናት ብቻ መሆን የለባትም።

ከመንግሥትም ከሆስፒታሎችም የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። ልጆች በሚታከሙበት የካንሰር ክፍል ሁሉ ከልጆችና ከወላጆች ጋር ቁጭ ብሎ የሚያወራ የሠለጠነ ሰው ይቀጠር። በትርፍ ሰዓት አይደለም፣ ነርሷ መርፌውን ይዛ እየሮጠችም አይደለም፣ ሥራው ይሄው የሆነ ሰው። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ በአራት ዓመቱ በደም ካንሰር ባረፈ ልጅ ስም የቆመ ነው። ወላጅ ያንን ሐዘን ተሸክሞ ማኅበር ካቆመ፣ በጀት የያዘ ተቋም አንድ ሰው መቅጠር አያቅተውም።

መግቢያው ላይ ወረቀትና እስክሪብቶ አለ። ልጃችሁ ጠይቋችሁ መልስ ያጣችሁለትን ጥያቄ ጻፉልን፣ ስም አያስፈልግም። መጻፍ የማትችሉ ለእኔ ንገሩኝ፣ እኔ እጽፋለሁ። ከሻይ በኋላ ሐኪሞቹ እዚሁ ይቀመጣሉ፣ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ እናያቸዋለን። አመሰግናለሁ።