ከመሐላው በኋላ

(ምስል፦ ማለዳ፣ የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ።)

ሐዋሳ ውስጥ አባወራው በአረቄ ወይም በጫት ምክንያት ቤቱን ማስተዳደር ሲያቅተው፣ ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚደርሰው ሽማግሌዎች ዘንድ ነው። ሽማግሌዎቹ ይመክራሉ፣ ይቆጣሉ፣ በመጨረሻም «ከእንግዲህ አልቀምስም» አስብለው ያስምሉታል፤ በሳምንቱ ሲያገረሽበት ግን ያስማሉትን ሰዎች ዓይን ማየት ያፍርና መንገድ ቀይሮ መሄድ ይጀምራል። ሚስቲቱ ፍርድ ቤት ስትደርስም በመዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ፍቺ ወይም የልጅ ቀለብ እንጂ ሱስ አይደለም።

(ምስል፦ የችሎት አዳራሽ።)

የሕክምና ችሎት ሱሱን ራሱን የጉዳዩ እምብርት ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 በአሜሪካ ማያሚ፣ ሱስ ያለባቸውን ተከሳሾች በዳኛ ክትትል የሚያሳክም ችሎት ተቋቋመ፤ አሠራሩም ቆይቶ ልጆቻቸውን ሊነጠቁ ወደተቃረቡ ወላጆች ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ2008 ዳኛ ኒኮላስ ክራይተን ለንደን ውስጥ እንዲህ ያለ የቤተሰብ ችሎት ከፈቱ።

የለንደኑን ጠጋ ብለን እንየው። እናቲቱ በየሁለት ሳምንቱ፣ ጠበቃ ሳይገኝ፣ ያው የምታውቃቸው ዳኛ ፊት ትቀመጣለች፤ ዳኛውም ስለ ሕክምናዋ፣ ስለ ቤቷና ስለ ልጇ ራሷን ያነጋግሯታል። ማኅበራዊ ሠራተኞችና የሱስ ሕክምና ባለሙያዎች ያሉበት ቡድን ሕክምናውን ያቀናጃል፣ ምርመራም ያደርጋል። ቢያገረሽባት ዕቅዱ ይከለሳል እንጂ በዚያ ብቻ መዝገቡ አይዘጋባትም፤ የደበቀችው እንደሆነ ግን ስለ ልጁ ደኅንነት የምትናገረውን ማመን ያስቸግራል።

ጊዜው ግን ገደብ አለው፤ እኔ እንደሚመስለኝ የአሠራሩ ከባዱ ነገርም ይኸው ነው። ሱስ በቀጠሮ አይድንም፣ ልጅም ዝም ብሎ አይጠብቅም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ሕግ፣ ልጁ ከመጨረሻዎቹ 22 ወራት 15ቱን በመንግሥት አሳዳጊዎች ዘንድ ካሳለፈ፣ ከተወሰኑ ሁኔታዎች በስተቀር የወላጅነት መብት እንዲቋረጥ ክስ እንዲቀርብ ያዛል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የእንግሊዝ ጥናት እንዳሳየው፣ በለንደኑ ችሎት ካለፉ እናቶች 46 በመቶው፣ በመደበኛው ችሎት ካለፉት ደግሞ 30 በመቶው ሱሱን አቁመው ነበር።

(ምስል፦ ዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጡ ሽማግሌዎች።)

ወደ ሐዋሳው መሐላ ስንመለስ አንድ የሕክምና ጉዳይ አለ፤ ለዓመታት በብዛት የጠጣ ሰው በአንድ ቀን ሲያቋርጥ መንቀጥቀጥ፣ መቃዠት፣ አልፎም ለሕይወት የሚያሰጋ የሚጥል ሕመም ሊከተለው ይችላል። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ከማስማላቸው በፊት ሰውየውን ጤና ተቋም ይዘውት ይሂዱ፤ ቀጣዩንም ቀጠሮ ከሁለት ሳምንት ሳያርቁ ቀኑን ቆርጠው ይለያዩ።