የጥያቄ ምልክት ያለባቸው ሁለት ካርታዎች

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ አልጋበዝኩም። የማወራው ስለ ራሴ ነው፤ ታክሲዬን አቁሜ ቤት ከገባሁ በኋላ በኮምፒውተር ስለምጫወተው ፖከርና አጠገቡ ከፍቼ አስቀምጠው ስለነበረው የዕድል ማስያ። ላስ ቬጋስ ለሚኖር የሀገሬ ሰው ቁማር ሩቅ ነገር አይደለም፤ አንዳንዶቻችን ቁማርተኛውን ከአየር ማረፊያ እናመላልሳለን፣ ሌሎቻችን በየካዚኖው ካርታ እናድላለን። ኔቫዳ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2013 ጀምሮ በኢንተርኔት የሚካሄደውን ፖከር በሕግ ስለፈቀደች ደግሞ አሁን ከሶፋ ሳይነሱም መበላት ይቻላል።

ጨዋታውን ለማታውቁት፣ ቴክሳስ ሆልደም በሚባለው ፖከር ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ ተሸፍኖ ይታደለዋል፤ ከዚያም አምስት ካርታዎች ለሁሉም በጋራ መሐል ላይ በየተራ ይገለጣሉ፤ የተሻለ ጥምረት ያለው መደቡን፣ ማለትም የተያዘውን ገንዘብ በሙሉ ይወስዳል። ማስያው እኔ የያዝኳቸውን ሁለቱን ሳስገባለት ከመቶ ስንት ጊዜ እንደማሸንፍ ይነግረኛል።

አንድ ሌሊት የተለያየ ምልክት ያላቸው ኤስና ኪንግ ደረሱኝና 2 ዶላር አስያዝኩ። አንድ ሰዓት ሙሉ ገንዘብ ሳያስይዝ ካርታውን እየጣለ የቆየ፣ በፎቶው ቦታ የድመት ምስል ያደረገ ተጫዋች በድንገት ያለውን 50 ዶላር በሙሉ አስያዘ። ማስያው 65 ከመቶ አለኝ። ስሌቱ ቀላል ነበር፤ 48 ዶላር ጨምሬ ወደ 101 ዶላር የሚጠጋውን መደብ ለመውሰድ ከመቶ 48 ጊዜ ያህል ማሸነፍ ይበቃኛል፣ 65 ደግሞ ከ48 ይበልጣል። ጨመርኩ። ሰውዬው ሁለት ኩዊን ገለጠ። አራተኛው ካርታ እስኪወጣ ድረስ ተበልቼ ነበር፤ አምስተኛው ግን ኪንግ ሆነና ሁለት ኪንጌ ሁለት ኩዊኑን በለጠ።

ያ ኪንግ ብዙ ገንዘብ አስከፍሎኛል። በዚያ ሌሊት ብበላ ኖሮ በማግስቱ ስሌቱን እመረምር ነበር፤ ስላሸነፍኩ ግን ማስያውን እንደ ሊቅ አምኜ ለወራት በዚያው መንገድ ቀጠልኩ፣ የታክሲዬን ኪራይም ሁለት ጊዜ ተበድሬ ከፈልኩ።

ጥፋቱ የማስያው አልነበረም። በማስያው ገጽ ላይ ከእኔ ሁለት ካርታዎች ትይዩ፣ የጥያቄ ምልክት ያለባቸው ሁለት ግራጫ ካርታዎች አሉ፤ የተጋጣሚው ቦታ ናቸው። እኔ ነክቻቸው አላውቅም ነበር። ሳይነኩ ሲቀሩ ማስያው ተጋጣሚው ከቀሩት 50 ካርታዎች ማናቸውንም ሁለት ይዟል ብሎ ያሰላል፤ ይህም 1,225 ጥንድ ማለት ነው፣ ማንም ጤነኛ ሰው የሚጥላቸውን ሰባትና ሁለትን ጨምሮ። አንድ ሰዓት ሙሉ ሲጥል የቆየ ሰው ግን በሰባትና በሁለት 50 ዶላር አያስይዝም። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ብዕርና ወረቀት ይዤ ያ ባለ ድመት ሰው ምን ሊይዝ ይችል እንደነበር ቆጠርኩ። አንድ ኤስና አንድ ኪንግ በእኔ እጅ ስላሉ፣ ሁለት ኤስ የሚይዝበት መንገድ 3፣ ሁለት ኪንግ የሚይዝበት 3፣ ሁለት ኩዊን 6፣ እንደ እኔው ኤስና ኪንግ ደግሞ 9 ነው፤ በድምሩ 21 ጥንድ። ከኤሶቹ ጋር የማሸንፈው ከመቶ 7 ጊዜ ያህል ብቻ ነው፣ ከኪንጎቹ ጋር 30፣ ከኩዊኖቹ ጋር 43፤ ከራሴው ዓይነት ካርታ ጋር እኩል ነን። አማካዩ 39 ገደማ መጣ። ካርታዬም ዋጋውም አልተለወጡም፤ የተለወጠው ስለ ሰውዬው የሰጠሁት ግምት ነው፣ በዚህም የተነሳ 48 መሙላት አቃተኝ።

ከእነዚህ ማስያዎች ብዙዎቹ የሚሠሩት ሞንቴ ካርሎ በሚባለው ዘዴ ነው፤ ካርታውን በሺህ የሚቆጠር ጊዜ በዘፈቀደ በውዘው እያደሉ ስንቴ እንዳሸነፍን ይቆጥራሉ። የዘዴው ሐሳብ የመጣው ደግሞ ከካርታ ጨዋታ መሆኑ ደስ ይለኛል። የፖላንድ ተወላጁ የሒሳብ ሊቅ ስታኒስላው ኡላም በ1946 ከሕመም ሲያገግም ሰው ብቻውን የሚጫወተውን ካርታ ይጫወት ነበር፤ የማሸነፍ ዕድሉን በቀመር ከማውጣት ይልቅ ደጋግሞ ተጫውቶ የተሳካለትን መቁጠር እንደሚቀል አሰበ፣ ሐሳቡንም ከሒሳብ ሊቁ ከጆን ፎን ኖይማን ጋር ሆኖ ሎስ አላሞስ በሚባለው የአሜሪካ የኑክሌር ቤተ ሙከራ ውስጥ ለኑክሌር ስሌት አዋለው። ብቻውን በሚጫወት ሰው ፊት ያለው ካርታ ተበውዟል እንጂ ምንም አያስብም፤ አያደባም፣ አያስፈራራም፣ አንድ ሰዓት ጠብቆ አይነሳም። እኔም ለካ ስድስት ሰው በተቀመጠበት ጠረጴዛ ብቻዬን ስጫወት ነበር የከረምኩት።

ከዚያ በኋላ ግራጫዎቹን ካርታዎች መሙላት ጀመርኩ፤ ነገሩ ግን የባሰ አሳፋሪ ሆነ። መጫወት ሲያምረኝ ለተጋጣሚዬ ደካማ ካርታ እሰጠዋለሁ፣ እንቅልፍ ሲጫነኝ ደግሞ ሁለት ኤስ አሸክመዋለሁ፤ ማስያው ሁለቱንም በትሕትና አስልቶ የፈለግሁትን ቁጥር ያቀርብልኛል። በዚያ ላይ ብዙዎቹ የፖከር ጣቢያዎች ጨዋታው እየተካሄደ ሳለ ምን ማድረግ እንዳለብህ የሚመክርህን ፕሮግራም ይከለክላሉ፤ የምጫወትበትን ጣቢያ ደንብ ያነበብኩት በጣም ዘግይቼ ነው፣ ሰበብ የለኝም። አሁን በጨዋታ ሰዓት ማስያውን ዘግቼ፣ ከተጋጣሚው ጋር ከመጋጠሜ በፊት ምን ሊይዝ እንደሚችል በወረቀት እጽፋለሁ፤ ስሌቱን በማግስቱ አየር ማረፊያው ላይ ተራ ስጠብቅ እሠራዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ሁለት ጃክ ይዤ ሳለሁ አንድ ዝምተኛ ተጫዋች ያለውን በሙሉ አስያዘ። ወረቀቴ ላይ ሁለት ኩዊን፣ ሁለት ኪንግ፣ ሁለት ኤስ፣ እንዲሁም ኤስና ኪንግ ብዬ ጻፍኩና እያመመኝ ጃኮቼን ጣልኩ። ሰውዬው ካርታውን ሳያሳይ መደቡን ወሰደ። በማግስቱ ታክሲው ውስጥ ሳሰላው 36 ገደማ መጣልኝ፤ ደግሜ ልቆጥረው ስል ተራዬ ደረሰና የመንገደኛ ሻንጣ ለመጫን ወረድኩ።