ሰው የተጎዳ አለ?

እሺ፣ እየተቀዳ ነው። ዛሬ እንግዳ የለም፣ እኔና እናንተ ብቻ ነን። የቤት ፍለጋውን ወሬ እቀጥላለሁ ብያችሁ ነበር፣ እሱ ይቆየን። አንድ ነገር ከውስጤ አልወጣ ብሎኛል።

የጨው መኪናውን አጎቴን ታውቋቸዋላችሁ። በየበዓሉ በማዳበሪያ ሙሉ ጨው ጭነው እናቴ ቤት የሚመጡት። ኅዳር 14፣ እሁድ፣ አፋር ያለው እሳተ ገሞራ ሃይሊ ጉቢ ሲፈነዳ አፍዴራ ነበሩ። በማግስቱ እንደምንም ስልካቸው ሠራልኝ።

«ሰው የተጎዳ አለ?» አልኳቸው። ገና ሰላም እንኳ ሳልል።

«የለም ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። በቀትር ጨለመብን፣ አመድ ወረደብን እንጂ ሰው አልሞተም።»

ተመስገን አልኩ። ከዚያ «ፍየሎቹ ግን…» ብለው ጀመሩ። መኪናቸው አጠገብ አንድ እረኛ ቆሟል። ፍየሏ በኋላ እግሯ ቆማ ግራሩን ትነክሳለች፣ ታስነጥሳለች፣ ትተዋለች። ሰውዬው ቅርንጫፉን ይዞ ያራግፍላታል። ደግማ ትነክሳለች። ደግማ ትተዋለች። እሱ ደግሞ ወደሚቀጥለው ቅርንጫፍ ይሄዳል፣ አገሩ በሙሉ ግራጫ ሆኖ፣ አንድ በአንድ እያራገፈ… እኔ እዚህ ላይ «ዋናው ሰው መትረፉ ነው አጎቴ፣ በኋላ እደውላለሁ» ብዬ ዘጋሁት። ስብሰባ ነበረብኝ።

በኋላ አልደወልኩም።

ያን ሰሞን ወሬው ሁሉ ስለ አመዱ ጉዞ ነበር። 14 ኪሎ ሜትር ወጣ፣ ቀይ ባሕርን ተሻገረ፣ የመንና ኦማን ደረሰ፣ ሕንድ ውስጥ በረራ አሰረዘ። እኔም እሱን ሳጋራ ዋልኩ። ሰው አልሞተም፣ አለቀ።

ከዚያ ማታ ማታ ስለ እሳተ ገሞራ ማንበብ ጀመርኩ። እንቅልፍ እንደሌለኝ ታውቃላችሁ። አይስላንድ ውስጥ ላኪ የሚባል ቦታ አለ። በፈረንጆቹ 1783፣ ጁን 8፣ የጰራቅሊጦስ እሁድ ነው፣ መሬቱ 27 ኪሎ ሜትር ያህል ተተረተረ። ስምንት ወር ሙሉ እሳትና ጋዝ ሲተፋ ከረመ። ሕዝቡን የጨረሰው ግን እሳቱ አይደለም። ሳሩ ነው። ከጋዙና ከአመዱ ጋር ፍሎራይድ ሳሩ ላይ ወረደ። ይሄ የስምጥ ሸለቆ ልጆችን ጥርስ ቡናማ የሚያደርገው ነገር ማለት ነው፣ አዳማ ያደገ ሰው ያውቀዋል። የኛ በውሃ ነው፣ ቀስ ብሎ ነው። እዚያ ግን በአንድ ጊዜ ወረደ። ዮን ስቴይንግሪምሰን የሚባል የአካባቢው ቄስ ከብቶቹ አፋቸውና እግራቸው እንዴት እንደቆሰለ ጽፎ አቆይቷል። አብዛኛው በግ አለቀ፣ ከከብቱ ግማሽ ያህሉ ሞተ። ቀጥሎ ረሃብ ገባ። ከአምስት ሰው አንዱ ሞተ። ከአምስት አንድ!

እንግዲህ እነዚያን ሰዎች በመጀመሪያው ሳምንት ደውዬ «ሰው የተጎዳ አለ?» ብላቸው ምን ይሉኝ ነበር? «ተመስገን፣ የለም።»

ደግሞ እዚያ አላበቃም። የላኪ የድኝ ጋዝ ሰማይ ላይ ጉም ሆኖ ፀሐይን ጋረደ። የኛን ክረምት የሚያመጣው የየብሱና የውቅያኖሱ የሙቀት ልዩነት ነው። ሰሜኑ የብስ ሲቀዘቅዝ ልዩነቱ ይጠባል፣ ዝናብ የሚያመጣው ነፋስ ይደክማል። አለን ሮቦክና ሉክ ኦማን የሚባሉ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር በፈረንጆቹ 2006 ይሄን በኮምፒውተር ሞዴል አሳይተዋል። ላኪ በፈነዳበት ዓመት ዓባይ ግብፅ ላይ ሳይሞላ ቀረ። በሚቀጥለውም እንደዚሁ። ቮልኔ የሚባል ፈረንሳዊ መንገደኛ በዚያ ዘመን ግብፅን አይቷል። እስከ 1785 መጀመሪያ ድረስ ከስድስት ሰው አንዱ ወይ ሞቷል ወይ አገር ጥሎ ሄዷል ብሎ ጻፈ።

እኔ የቆምኩት እዚህ ላይ ነው። የግብፅ ሙላት እኮ የኛ ክረምት ነው። ዓባይ ካነሰ ጎጃም ላይ፣ ወሎ ላይ ደመናው ሳይዘንብ አልፏል ማለት ነው። ጎንደር ላይ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ናቸው፣ ፍጻሜ መንግሥት የሚባሉት። በ1784 ከዙፋን ወረዱ። እሳተ ገሞራ አወረዳቸው እያልኩ አይደለም፣ የመሳፍንቱን ጉዳይ ሁላችንም እናውቃለን። ግን አንዲት የጎጃም ገበሬ ሰኔ ላይ ዘርታ ነሐሴ ላይ ቀና ብላ ሰማዩን ስታይ ይታየኛል። ምን አጠፋሁ ብላ ትሆን? ስለት ገብታ ይሆናል። አይስላንድ የሚባል አገር መኖሩን በምን ታውቃለች?

እሺ፣ ረጋ ልበል። ሃይሊ ጉቢ ላኪ አይደለም። ትልቁ ፍንዳታ በሰዓታት ውስጥ በረደ፣ ክረምት የሚያዛባ ጋዝም አልተፋም። ማንንም ላስፈራ አይደለም የመጣሁት። ብቻ… እነዚህን ቁጥሮች ሳነብ ሁሌ የምትመጣብኝ ያቺ ፍየል ናት። ታስነጥሳለች፣ ትተዋለች።

ትናንት ደወልኩ። አጎቴ ስለ ጎማ ዋጋ ጀመሩ፣ አዳመጥኩ። ከዚያ «ያ ፍየሎቹን የሚያበላው ሰውዬ እንዴት ሆነ?» አልኳቸው።

«የቱ ሰውዬ?»

ግራሩን የሚያራግፈው፣ አልኳቸው። ዝም አሉ። «እህ… እሱማ እንስሶቹን ነድቶ ሄዷል።»

«ወዴት?»

«ሳር ወዳለበት ነዋ ልጄ።»

ስንቱን ይዞ እንደሄደ ልጠይቃቸው ስል መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ ደወልኩ፣ አይሠራም። ዛሬ ጠዋትም ሞከርኩ…