ዳኛው ሲያቋርጡ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮች፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሙት ኮርት ነው። በአማርኛ ምስለ ፍርድ ቤት እንለዋለን፤ የሕግ ተማሪዎች በፈጠራ ጉዳይ ላይ ጠበቃ ሆነው የሚከራከሩበት ውድድር።

በየዓመቱ የሕግ ትምህርት ቤቶቻችን ገጽ ላይ አንድ ዓይነት ፎቶ ይለጠፋል። ሱፍ የለበሱ ልጆች፣ መሃላቸው አሠልጣኝ መምህራቸው፣ እጃቸው ላይ ሰርተፊኬት። ከሥሩ "እንኳን ደስ አላችሁ" ይዥጎደጎዳል። ይገባቸዋል፣ እኔም ደስ ይለኛል። ግን ያን ፎቶ ባየሁ ቁጥር የሚቆጨኝ ነገር አለ። ልጆቹ ምን ተከራከሩ? የትኛው ጥያቄ አስጨነቃቸው? ምን ብለው መለሱ? ይህ የትም አይጻፍም። የድካማቸው ፍሬ ያለው ደግሞ እዚያው ውስጥ ነው።

ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። አንጋፋው ውድድር ጄሰፕ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1960 ሃርቫርድ ላይ ተጀመረ፤ ስሙን ያገኘው በዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ዳኛ ከነበሩት ከአሜሪካዊው ፊሊፕ ጄሰፕ ነው። ሁለት የፈጠራ አገሮች ሄግ ባለው በዚሁ ፍርድ ቤት እንደሚካሰሱ ተደርጎ ጉዳዩ ይዘጋጃል፣ ቡድኑ ለከሳሹም ለተከሳሹም ይጽፋል፣ ለሁለቱም ይከራከራል። ሁለተኛው የአፍሪካ የሰብዓዊ መብቶች ምስለ ፍርድ ቤት ውድድር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ የሚያዘጋጀው የፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ የሰብዓዊ መብቶች ማዕከል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ያረፉት ፕሮፌሰር ክሪስቶፍ ሄይንስ ስም ተሰጥቶታል። አንድ ቡድን ሁለት ተማሪ ነው፣ ቢቻል አንዷ ሴት አንዱ ወንድ። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ በሰብዓዊ ሕግ፣ በጦርነት ጊዜ በሚሠራው ሕግ ማለት ነው፣ የሚያዘጋጀውም አለ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ደግሞ ነገሩን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አውርዶታል፤ ይህ ትልቅ ሥራ ነው።

ለእኛ ተማሪዎች ምረጥ ብትሉኝ የአፍሪካውን እመርጣለሁ። የሚከራከሩበት የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ቻርተር ኢትዮጵያ ያጸደቀችው ሰነድ ነው፤ ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 ደግሞ ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል። ክርክሩ የሚቀርብበትን የአፍሪካ ፍርድ ቤት ያቋቋመውን እ.ኤ.አ. የ1998ቱን ፕሮቶኮል ግን ኢትዮጵያ ፈርማለች እንጂ አላጸደቀችም። እንግዲህ አስቡት። ልጅቷ ስድስት ወር ሙሉ የምትከራከርበት ፍርድ ቤት የራሷ አገር ሰው አቤቱታ የማያቀርብበት ነው። ይህን እያወቀች የምትከራከር ተማሪ ጥያቄውን ከውድድር አሳልፋ ታየዋለች።

አሁን ወደ ሥራው። የመጀመሪያው ችግር የቀን መቁጠሪያ ነው። የጄሰፕ ጉዳይ የሚወጣው በፈረንጆቹ መስከረም ነው፣ ጽሑፉ የሚገባው በጥር። ጉዳዩ የሚወጣበት ጊዜ እኛ ዘንድ ግቢው ባዶ የሆነበት፣ ነባር ተማሪ እንኳ ገና ያልተጠራበት ወቅት ነው። ተማሪ ተመዝግቦ፣ ትምህርት ተጀምሮ፣ ማስታወቂያ ተለጥፎ ቡድን እስኪመረጥ ኅዳር ይጋመሳል። የሦስት ወር ተኩሉ ሥራ በስድስት ሳምንት ሊሠራ ይሞከራል፣ ከዚያ ጽሑፉ ይሳሳል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቡድኑን ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ መምረጥ። የአምናን ጉዳይ ሰጥቶ፣ አሥር ቀን ሰጥቶ፣ ሦስት ገጽ አስጽፎ፣ አሥር ደቂቃ በቃል አከራክሮ መምረጥ። ወረቀቱ ላይ ስም አይኑር፣ ቁጥር ብቻ። ጄሰፕም ራሱ እንዲህ ነው የሚሠራው፤ ቡድኖች በቁጥር ነው የሚታወቁት፣ ጽሑፉ ላይ የትምህርት ቤቱን ስም የጻፈ ነጥብ ይቀነስበታል። በጂፒኤ ብቻ ከተመረጠ የሚመጣው ጎበዝ ሸምዳጅ ሊሆን ይችላል፤ ለሙት ኮርት ሽምደዳ እንቅፋት ነው፣ ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

ጽሑፉን፣ ሜሞሪያል የሚሉትን ማለት ነው፣ ብዙ አልቆይበትም። የአፍሪካው ላይ ቅደም ተከተሉ የታወቀ ነው፦ ፍርድ ቤቱ ሥልጣን አለው ወይ፣ አቤቱታው ተቀባይነት አለው ወይ፣ መብቱ ተጥሷል ወይ፣ ዳኝነቱ ምን ይሁን። ብዙ ቡድን ሦስተኛው ላይ ያብጥና አራተኛውን በሁለት መስመር ይዘጋል። "ካሳ ይከፈል" ብሎ ማቆም አይበቃም፤ ለማን፣ ስንት፣ በምን ስሌት፣ ሕጉስ ይሻሻል ከተባለ የትኛው አንቀጽ። ዳኞች ይህን ክፍል በጥንቃቄ ያዩታል፣ የሚያርፉበትም እዚያ ነውና።

የቃል ክርክሩ ላይ ግን ልቆይ። ጄሰፕ ላይ ለአንድ ቡድን 45 ደቂቃ ነው የተሰጠው፣ ሁለት ተከራካሪ ይካፈሉታል፣ ለመልስ መልስ እስከ 10 ደቂቃ ማስቀመጥ ይቻላል። ፊት ለፊት ሦስት ዳኞች አሉ። ከጎን ሰዓት ጠባቂው የቀረውን ደቂቃ የተጻፈበት ካርድ ያነሳል። ተማሪው ይቆማል፣ "ክርክሬን በሁለት ነጥብ አቀርባለሁ" ይላል፣ መጀመሪያውን ነጥብ ይጀምራል፣ ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ ዳኛው ያቋርጣሉ።

እዚህ ጋ ነው ሁሉም ነገር የሚለየው። የሸመደደ ልጅ ሲቋረጥ የጠፋበት መስመር ፍለጋ ይገባል። ዓይኑ ወደ ወረቀቱ ይወርዳል፣ ድምፁ ይፈጥናል፣ "ወደዚያ ነጥብ እመጣለሁ የተከበሩ ዳኛ" ይላል። ዳኛው አሁን ነው የጠየቁት፤ አሁን ማወቅ የፈለጉትን በኋላ ስትነግራቸው አይሰሙህም።

በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ዳኛዋ እንዲህ ብለው ጠየቁ እንበል፦ "ደንበኛዎ ወደ አገራቸው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይግባኝ ብለዋል?" ጥያቄው ከቻርተሩ አንቀጽ 56 ንዑስ አንቀጽ 5 ነው የመጣው፤ ሰው ወደ አህጉራዊ አካል ከመሄዱ በፊት አገር ቤት ያለውን የሕግ መፍትሔ አሟጦ መጨረስ አለበት ይላል። መጥፎው መልስ ረጅሙ ነው። ተማሪው የአንቀጹን ታሪክ ይጀምራል፣ ሰባቱን ቅድመ ሁኔታዎች ይቆጥራል፣ ይግባኝ ይባል አይባል ሳይናገር አንድ ደቂቃ ያልፋል። ጥሩው መልስ እንዲህ ነው፦ "አላሉም፣ የተከበሩ ዳኛ። በመዝገቡ እንደሰፈረው ፍርድ ቤቶች ይህን ዓይነት ጉዳይ እንዳያዩ በአዋጅ ተከልክለዋል። አሟጡ የሚባለው መፍትሔው ያለ፣ ውጤታማና በቂ ሲሆን ነው፤ የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን በጃዋራና በጋምቢያ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2000 የወሰነው ይህንኑ ነው። ስለዚህ አቤቱታው ተቀባይነት አለው፤ ወደ ተጣሰው መብት ልለፍ።"

አያችሁ? መጀመሪያ አዎ ወይም አይ። ከዚያ ፍሬ ነገሩ ከመዝገቡ። ከዚያ ሕጉ ከነፍርዱ። ከዚያ ወደ ክርክሩ መመለሻ ድልድይ። ሠላሳ ሰከንድ ነው። ሦስተኛውን ሲጠቅስ ደግሞ ስም ብቻ ጠቅሶ እንዳያልፍ፤ ዳኛዋ "የጃዋራ ፍሬ ነገር ምን ነበር?" ብለው መከተላቸው አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1994 በመፈንቅለ መንግሥት የተወገዱት ፕሬዚዳንት ለሕይወታቸው ወደሚያሰጋቸው አገር ተመልሰው ፍርድ ቤት ይቁሙ ማለት አይቻልም ነው የተባለው። ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር የማይናገር ተማሪ ፍርዱን ባይጠቅሰው ይሻለዋል።

ሌላው የሚጥለው ነገር ማመን መፍራት ነው። ዳኛ "ይህ እውነታ የእናንተን ክርክር አያዳክምም ወይ?" ሲሉ ተማሪው እንደ ወጥመድ ያየዋል፣ ሽንጡን ገትሮ ይክዳል። ነጥቡ በእርግጥ ደካማ ከሆነ "ይህን እንቀበላለን፤ ቢሆንም እንኳ በአማራጭ..." ማለት ትልቅ ጥንካሬ ነው። ዳኛ የሚያምነው የሚያምንለትን ሰው ነው። ግን ምን እንደሚቀበሉና ምን ፈጽሞ እንደማይቀበሉ ሁለቱ ተከራካሪዎች አስቀድመው ተስማምተው በወረቀት መያዝ አለባቸው፤ አንደኛዋ የተቀበለችውን ሁለተኛው ከካደው ቡድኑ እዚያው ፈረሰ።

ይህ ልምምድ ይፈልጋል። በኔ ግምት ከ15 ጊዜ ያነሰ ሙሉ ልምምድ ያደረገ ቡድን አልተዘጋጀም። ልምምዱም ወረቀት ማንበብ ሳይሆን ሦስት ሰው ዳኛ አድርጎ መቋረጥ ነው። አንዱ ዳኛ ጉዳዩን ጨርሶ ያላነበበ ይሁን፣ አንዱ ዝም የሚል ይሁን። ዝምተኛ ዳኛ ከጠያቂው ይከብዳል፤ በጥያቄ የሰለጠነ ልጅ ዝምታ ሲገጥመው የሃያ ደቂቃውን በዘጠኝ ደቂቃ ይጨርሳል። በስልክ መቅረጽ፣ ማታ አብሮ ማየት፣ የተጠየቁትን ሁሉ አንድ ደብተር ላይ ማስፈር ያስፈልጋል። ያ ደብተር ከሰርተፊኬቱ ይበልጣል።

እና ይህ ሁሉ ነገር ለአምስት ልጅ ብቻ ሲሆን ያንገበግበኛል። አንድ ባች ውስጥ ስልሳ ተማሪ አለ። አምስቱ ይሄዳሉ፣ ሃምሳ አምስቱ ፎቶውን ላይክ ያደርጋሉ። መልስ መመለስን ግን የሚፈልገው ሁሉም ነው፣ ዓቃቤ ሕግ የሚሆነውም፣ የወረዳ ዳኛ የምትሆነውም።

ደግሞ የቋንቋው ነገር አለ። የምናስተምረው በእንግሊዝኛ፣ ውድድሩም በእንግሊዝኛ፣ ችሎት ግን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማልኛ፣ በትግርኛ ነው። በእንግሊዝኛ እንደ ውኃ የሚፈሰው ልጅ የመጀመሪያ አቤቱታውን ሲጽፍ "ጭብጥ" እና "መቃወሚያ" ይምታቱበታል። አንድ ነገር እንዳንረሳ ብዬ ነው፤ በቃል መሟገት ለእኛ ባዕድ አይደለም። በላ ልበልሃ የነበረን፣ ሰው ዋርካ ሥር ቆሞ ተሟጋች ሲጠይቅና ሲመልስ የሚሰማ ሕዝብ ነን። ዛሬም መንገድ ላይ "በሕግ አምላክ" ሲባል እግር ቀጥ ይላል።

ስለዚህ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የውስጥ ውድድር በችሎት ቋንቋ ያድርግ። ገንዘብ አይጠይቅም፣ ቪዛ የለው፣ ቲኬት የለው። የአራተኛ ዓመት አርባ ተማሪ ቢኖር በአራት በአራት አሥር ቡድን ይሆናል፤ ሁለቱ ለከሳሽ ሁለቱ ለተከሳሽ። በአምስት ቅዳሜ፣ በቀን ሁለት ክርክር፣ ለእያንዳንዱ ሃምሳ ደቂቃ። መዝገቡ ሦስት ገጽ ነው፦ አንድ የብድር ውል፣ አንድ ደረሰኝ፣ የሁለት ምስክር ቃል። ከሳሾች በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 222 መሠረት አቤቱታ ይጽፋሉ፣ በ223 የማስረጃ ዝርዝር ያያይዛሉ፣ መጨረሻ ላይ በቁጥር 92 መሠረት እውነት መሆኑን አረጋግጠው ይፈርማሉ። ተከሳሾች በ234 መልስ ይሰጣሉ።

መዝገቡ ውስጥ ሆን ተብሎ አንድ ወጥመድ ይቀመጥ። ለምሳሌ ብድሩ ከተመለሰበት ቀን ጀምሮ አሥር ዓመት ከሁለት ወር አልፎት ይሁን፤ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1845 ይርጋው፣ ክስ ማቅረቢያው የጊዜ ገደብ ማለት ነው፣ አሥር ዓመት ነው። "ከተመለሰበት" አልኩ፣ ይቅርታ፣ መመለስ ከነበረበት ቀን ማለቴ ነው፤ ይህች ስህተት ራሷ ክርክር ታስረታለች። የይርጋ መቃወሚያ በቁጥር 244 መሠረት በመጀመሪያው አጋጣሚ መቅረብ አለበት። ብዙ ተማሪ የሚወድቀው እዚህ ነው፤ በፍሬ ነገሩ ተመስጦ "ገንዘቡን አልወሰድኩም" ብሎ ይከራከራል፣ ይርጋውን ክርክሩ ከገፋ በኋላ ያስታውሰዋል። ዳኛ ሆኖ የተቀመጠው መምህርም "አልፎሃል" ይለዋል። ያን ቀን የተማረውን ልጁ ዕድሜ ልኩን አይረሳውም።

የነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቹን መጀመሪያ እዚያ ቢያሳልፏቸው ደግሞ የተሻለ ነው። የቀለብ አቤቱታ ለማስጻፍ የመጣች እናት ታሪኳን ከመሃል ነው የምትጀምረው። ቀኑን፣ ቦታውን፣ የገቢውን መጠን ጠይቆ አውጥቶ በቅደም ተከተል ያስቀመጠ ልጅ ችሎት ፊት ፍሬ ነገር ሲጠየቅ አይደናገጥም።

ፎቶ ለምትለጥፉ ወዳጆቼም አንድ ልመና አለኝ። ከ"እንኳን ደስ አላችሁ" በታች ሦስት መስመር ጨምሩ፦ ጉዳዩ ስለ ምን ነበር፣ ቡድኑ ስንት ዙር ተከራክሮ ስንቱን አሸነፈ፣ በጽሑፍና በቃል ስንት ነጥብ አገኘ። የተሸነፉበትንም ጻፉት። ሜሞሪያሉን በፒዲኤፍ፣ የጥያቄ ደብተሩን ኮፒ አድርጋችሁ ቤተ መጻሕፍት አስገቡት። የሚመጣው ዓመት ቡድን ከመደርደሪያው አውጥቶ የመጀመሪያውን ገጽ ሲገልጥ "ደንበኛዎ ይግባኝ ብለዋል?" የሚለውን ያገኘዋል፣ ከሥሩም አምና የተሰጠውን መልስ።

እስከ ሳምንት ደህና ሰንብቱ።