ድንበሩ ላይ የሚከፍለው ትንሹ ነው፦ በለንደን ለሐበሻ ነጋዴዎች የተዘጋጀ ንግግር

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ሱቅና ሬስቶራንት ከፍታችሁ ቀን ከሌት የምትደክሙ ወንድሞችና እህቶች፤ እንደምን አመሻችሁ።

የተሰጠኝ ርዕስ «ከአውሮፓ ኅብረት የመውጣቱ ኢኮኖሚያዊና ፖለቲካዊ ክርክሮች» የሚል ነው፤ ብሬግዚት የሚሉት የእንግሊዝ መውጣት ማለት ነው። ሰፊ ነው። ሁሉንም እነካካለሁ፤ ግን እንዳትቀየሙኝ፣ ብዙውን ሰዓት የምቆመው ድንበሩ ላይ ነው። ቀኖቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠራለሁ።

ጁን 23 ቀን 2016 በሕዝበ ውሳኔው የሆነውን ለእናንተ መተረክ ለቀባሪ ማርዳት ነው። 51.9 በመቶው እንውጣ አለ፣ 48.1 በመቶው እንቆይ አለ። እዚህ ለንደን ከአሥሩ ስድስቱ እንቆይ ብሎ ነበር። ያን ጊዜ ግብር እየከፈለ፣ ሠራተኛ እየቀጠረ ድምፅ መስጠት ያልቻለ ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ ብዙ ነው። ሕጉ ለእንግሊዝ፣ ለአየርላንድና ለኮመንዌልዝ አገር ዜጎች ነበር የፈቀደው። ኬንያዊ ጎረቤታችሁ መረጠ፤ ናይጄሪያዊውም መረጠ። ኢትዮጵያና ኤርትራ የኮመንዌልዝ አባል አይደሉምና የእንግሊዝ ፓስፖርት ያልያዘ ሐበሻ ቁጭ ብሎ የሌሎችን ውሳኔ ጠበቀ። የሆላንድ ወይም የስዊድን ፓስፖርት ይዞ የመጣውም እንዲሁ።

የውጡ ወገን የዘመተበትን ቀዩን አውቶብስ ታስታውሳላችሁ። በየሳምንቱ 350 ሚሊዮን ፓውንድ ለአውሮፓ እንልካለን፣ ለጤና አገልግሎቱ እናውለው ይል ነበር። ገና ሳይላክ የሚቀነሰውን የእንግሊዝን ተመላሽ ያላገናዘበ ቁጥር ነበር፤ የአገሪቱ የስታቲስቲክስ ባለሥልጣን ራሱ አሳሳች ነው ብሎታል። ላም አለኝ በሰማይ ነው። ግን የእንቆይ ወገንም ንጹሕ አልነበረም። ግምጃ ቤቱ በ2030 እያንዳንዱ ቤተሰብ በዓመት 4,300 ፓውንድ ይጎድልበታል አለ፤ ቀጥሎም የውጡ ድምፅ ካሸነፈ ኢኮኖሚው ወዲያው ይኮማተራል፣ ግማሽ ሚሊዮን ሰው ሥራ ያጣል ብሎ አስፈራራ። ፓውንዱ በአንድ ሌሊት ወደቀ፤ የተባለው ድንገተኛ ውድቀት ግን አልመጣም። የመጣው ቀስ ብሎ የሚበላ ነገር ነው። ነጻው የበጀት ጽሕፈት ቤት የአገሪቱ ምርታማነት በረጅም ጊዜ 4 በመቶ ያህል ያንሳል ብሎ ይገምታል።

በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል ለጉምሩክ ስለሚሞላው ዲክላራሲዮን ያነሣ አልነበረም ማለት ይቻላል። የእኔ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው። ተከራካሪዎቹ የተጣሉት በቢሊዮን ቁጥር ነበር፤ እናንተን ያገኛችሁ ግን በወረቀት የሚመጣ ወጪ ነው።

ዲሴምበር 24 ቀን 2020 ስምምነቱ ሲታወጅ «ዜሮ ቀረጥ፣ ዜሮ ኮታ» ተባለ። የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰንማ ከቀረጥ ሌላ መሰናክልም አይኖርም ብለው ነበር። አልሆነም። ዜሮው የሚሠራው እዚያው አውሮፓ ወይም እዚህ እንግሊዝ ውስጥ ለተመረተ ዕቃ ብቻ ነው። የእኛ ዕቃ ደግሞ ከየት እንደሚመጣ ታውቃላችሁ።

ማርን እንውሰድ። ከኢትዮጵያ ጀርመን ይገባል። ኢትዮጵያ ከድሃ አገሮች ተርታ ስላለች ኅብረቱ ቀረጥ አይጥልበትም። ጀርመን ያለው ሻጭ ከበርሜል ወደ ብልቃጥ ይገለብጠዋል፣ መለያ ይለጥፍበታል፣ ለንደን ላለው ባለሱቅ ይልካል። ፋክቱሩ፣ ማለትም የሽያጭ ሰነዱ ላይ የሻጩ አድራሻ ጀርመን ነው። የጉምሩክ ወረቀቱን የሚሞላው ትራንዚተርም የስሪት አገር በሚለው ቦታ «አውሮፓ ኅብረት» ብሎ ይሞላል፣ ዜሮ ይከፈላል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ስሕተቱ እዚህ ጋ ነው፤ ማሸግና መለያ መለጠፍ የስሪት አገርን አይቀይርም። ያ ማር እንግሊዝ ድንበር ላይ የኢትዮጵያ ማር ነው። የኢትዮጵያ ማር በቀጥታ ከመጣ ቀረጥ የለበትም፤ ጀርመን ላይ የጉምሩክ ሥርዓቱን ጨርሶ ነጻ ከተለቀቀ በኋላ ከመጣ ግን መደበኛው 16 በመቶ ያርፍበታል። 5,000 ፓውንድ ማር ላይ 800 ፓውንድ ማለት ነው። ክፋቱ ደግሞ ያን ቀን አይጠየቅም። ጉምሩኩ እስከ ሦስት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ሊያስከፍል ይችላል፤ ማሩ ተበልቶ፣ ትርፉ ተቆጥሮ ካለቀ በኋላ ደብዳቤው በፖስታ ይመጣል።

መፍትሔ አለው። ወይ ዕቃውን በቀጥታ አስመጡ፣ ወይ ሆላንድና ጀርመን ላይ ሲያልፍ በጉምሩክ ቁጥጥር ሥር እንዳለ፣ ነጻ ሳይለቀቅና ሳይከፈት እንዲያልፍ አድርጉ። ከላኪው የኢትዮጵያ የስሪት አገር መግለጫ ተቀበሉ። ብልቃጡን እዚሁ ለንደን ሙሉት።

ይህ ችግር መኖሩን መንግሥትም ያውቃል። ከባቱና ከሆለታ የሚወጣው ጽጌረዳ በሆላንዱ የአልስሜር የአበባ ጨረታ በኩል ሲመጣ ይኸው ወጥመድ ነበረበት፣ 8 በመቶ። ከኤፕሪል 11 ቀን 2024 እስከ ጁን 30 ቀን 2026 በተቆረጠ አበባ ላይ ያለው ቀረጥ ታገደ፣ በሦስተኛ አገር በኩል ቢመጣም እንኳ። እሰየው። ግን አበባው ተፈቅዶ ማሩ ለምን ቀረ? እንደ እኔ እንደ እኔ አበባን ትልልቆቹ ሱፐርማርኬቶች ስለሚገዙት ነው። ለማራችሁ የሚጮህለት የለም!

አሁን ወደ ሳንድዊቹ ልምጣ። ብዙዎቻችሁ ቪዲዮውን አይታችኋል። ጃንዋሪ 2021፣ ሁክ ኦፍ ሆላንድ ወደብ። ከእንግሊዝ በመርከብ የተሻገረ ሹፌር ተሽከርካሪው ይፈተሻል። የሆላንድ ቴሌቪዥን ካሜራ ቆሟል። ፈታሹ በፎይል የተጠቀለለ ሳንድዊች ያገኛል፤ ውስጡ ሥጋ አለው። ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ከእንግሊዝ ይዞ መግባት ክልክል ነውና ይወረሳል ይለዋል። ሹፌሩ ሥጋውን ውሰዱ፣ ዳቦውን ተዉልኝ ብሎ ይለምናል። አይሆንም፣ ሁሉም ይወረሳል፤ እንኳን ወደ ብሬግዚት በደህና መጣህ ጌታዬ፣ አዝናለሁ ተባለ። አገር ሳቀ። ሆላንዶቹ ቂም ይዘው ነው የሚል ሊኖር ይችላል። የምን ቂም? ኅብረቱ ከውጭ ለሚመጣ ሁሉ የነበረውን ሕግ ነው ያስከበረው፤ እንግሊዝ ውጭ ልሁን ብላ ወጥታለች። ሕጉ ሲወጣ አብራ ነበረች!

በተቃራኒው አቅጣጫስ? አፍተግር የሚባለው የከብት በሽታ አውሮፓ ውስጥ ተስፋፋ ተብሎ፣ ከኤፕሪል 12 ቀን 2025 ጀምሮ ከኅብረቱ አገሮች ለግል ፍጆታ የከብት፣ የበግ፣ የፍየልና የአሳማ ሥጋም ሆነ የወተት ተዋጽኦ ይዞ መግባት እንግሊዝ ከለከለች። ከፍራንክፈርት እህቷ ያነጠረችላትን ቂቤ በሻንጣ ይዛ የምትመጣ እናት ከዚያ ሹፌር ጋር እኩል ሆነች ማለት ነው። ቅጣቱም እስከ 5,000 ፓውንድ ይደርሳል።

እስካሁን ያወራነው ለመግቢያ ነበር። ዋናው የመጣሁበት ይኸ ነው።

ከኤፕሪል 30 ቀን 2024 ጀምሮ በዶቨር ወይም በባሕር ሥር ባቡሩ መንገድ የሚገባ የእንስሳትና የዕፅዋት ምርት የጋራ መጠቀሚያ ክፍያ የሚባል አለበት። መኪናው ለፍተሻ ቢጠራም ባይጠራም ይከፈላል። መካከለኛ አደጋ ተብሎ ለተመደበ ዕቃ በየዓይነቱ 29 ፓውንድ ነው፤ ጣሪያው አምስት ዓይነት፣ 145 ፓውንድ። ጸድቆ ሲወጣ ያየሁት ታሪፍ ይኸው ነው። በኪሎ አይደለም፣ በዋጋ አይደለም፤ በዓይነት ነው።

አስሉት። አንድ ሱፐርማርኬት 24 ቶን አንድ ዓይነት የበሬ ሥጋ ያስገባል። አንድ ዓይነት ነው፤ 29 ፓውንድ። እናንተ ደግሞ አንድ ፓሌት ላይ የበግ፣ የፍየል፣ የበሬ፣ የዶሮና ጉበት አድርጋችሁ 300 ኪሎ ታስመጣላችሁ። አምስት ዓይነት ነው፤ 145 ፓውንድ። ለሱፐርማርኬቱ በኪሎ ከአንድ ሳንቲም በታች፣ የአንድ ፔኒ ስምንተኛ ያህል ነው። ለእናንተ በኪሎ 48 ፔንስ። አራት መቶ እጥፍ! ይህን ሕግ ያወጣ ሰው ትንሽ ሱቅ ገብቶ አያውቅም።

ይህ ገና የአንዱ ክፍያ ነው። በላዩ የእንስሳት ሐኪም የፈረመበት የጤና ሰርተፍኬት አለ፣ በየምርቱ ዓይነት ለየብቻው፣ በየጭነቱ እንደገና። ቅድመ ማስታወቂያው አይፓፍስ በሚባለው የመንግሥት የኢንተርኔት ሥርዓት ውስጥ ጭነቱ ከመድረሱ ቢያንስ አንድ የሥራ ቀን ቀድሞ መግባት አለበት። ጂቢ የሚል መነሻ ያለው የኢዮሪ ቁጥር፣ ማለትም የነጋዴው የጉምሩክ መለያ ቁጥር ያስፈልጋል። ትራንዚተሩም ለዲክላራሲዮኑ ያስከፍላል። ለ300 ኪሎም ለ24 ቶንም ወረቀቱ አንድ ነው።

ታዲያ ተባብረን አንድ መኪና እንሙላ ትላላችሁ። ልክ ነው፣ ግን የሚበላሸውም እዚያው ነው። አንድ መኪና ላይ የአሥር ነጋዴ ዕቃ ተጭኖ የአንዱ ሰርተፍኬት ቁጥር ከዲክላራሲዮኑ ጋር ካልገጠመ መኪናው በሙሉ ይቆማል። የሌሎቹ የዘጠኙ ወረቀት ቢስተካከልም አብረው ይቆማሉ። ብዙ ጊዜ የሚያስቆሙት ደግሞ ተራ ነገሮች ናቸው፤ ሰርተፍኬቱ ላይ ያለው ክብደት ፋክቱሩ ላይ ካለው በጥቂት ኪሎ ይለያል፣ ማኅተም ይረሳል፣ ዕቃው በስሙ ሌላ በኮዱ ሌላ ይሆናል። ለዚህ ነው አጓጓዦች የተቀላቀለ ምግብ አንጭንም የሚሉት፣ ወይም በእጥፍ የሚጠይቁት።

ከዚህ ሁሉ የሚያናድደኝ ግን መጓተቱ ነው። ኅብረቱ ከእንግሊዝ በሚገባው ላይ ፍተሻውን ጃንዋሪ 1 ቀን 2021 ጀመረ፣ በመጀመሪያው ቀን። «ቁጥጥሩን እንመልስ» ብሎ የወጣው አገር የራሱን ፍተሻ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ደጋግሞ አራዘመና በጤና ሰርተፍኬት የጀመረው ጃንዋሪ 31 ቀን 2024 ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ የአውሮፓ ምግብ ሻጭ ያለ ጤና ሰርተፍኬት ገባ፣ የእንግሊዝ አምራች በወረቀት ታነቀ። ይኸ ነው ቁጥጥር? ሜይ 19 ቀን 2025 ደግሞ ሁለቱ ወገኖች አብዛኛውን ፍተሻ የሚያስቀር የምግብና የዕፅዋት ጤና ስምምነት እንፈራረም አሉ። እንግዲህ በሕዝብ ገንዘብ የተገነቡት መፈተሻዎች ምን ሊሆኑ ነው?

ስለ ፖለቲካው ባጭሩ። የውጡ ወገን የሉዓላዊነት ክርክር ከንቱ አልነበረም፤ ሕግ በራስ ፓርላማ ይውጣ ማለት የማንም መብት ነው። በ2025 አሜሪካ ቀረጥ ስትጥል ለእንግሊዝ 10፣ ለኅብረቱ 15 በመቶ መሆኑም እውነት ነው። እንግሊዝ ከወጣች በኋላ በገባችበት የፓስፊክ አገሮች የንግድ ስምምነት ግን መንግሥት ራሱ በ2021 የገመተው ጥቅም ከኢኮኖሚው 0.08 በመቶ ነው። ስደተኛ ይቀንሳል የተባለውም የሆነውን አይታችኋል፤ የአውሮፓው ቀነሰ፣ ከሌላው ዓለም የሚመጣው ጨመረ። የጥገኝነት ጠያቂን ጉዳይ የትኛው አገር ይይ ብሎ ስለሚወስነው የአውሮፓ የደብሊን ሥርዓት ብዙ አልልም፤ ፈረንሳይ ካሌ ላይ የቀረ ልጅ ለንደን ያለ አጎቱን ጠርቶ በሕጋዊ መንገድ የሚሻገርበት በር ዲሴምበር 31 ቀን 2020 ተዘጋ። በምትኩ የመጣውን ጀልባ የሚያወግዙት ሰዎች ስለዚያ በር ሲያወሩ አልሰማሁም።

ከዚህ አዳራሽ ሳትወጡ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ለየአካባቢያችሁ የፓርላማ ተወካይ የተዘጋጀ ደብዳቤ አለ። ስምምነቱ ተፈርሞ ሥራ ላይ እስኪውል ድረስ ክፍያው በዓይነት መሆኑ ቀርቶ በክብደት እንዲሆን፣ ከ500 ኪሎ በታች የሆነ ጭነትም ከጋራ መጠቀሚያው ክፍያ ነጻ እንዲወጣ ይጠይቃል። ስትፈርሙ የሱቃችሁን ስምና ባለፈው ዓመት ለድንበር ወረቀት ያወጣችሁትን ገንዘብ ጻፉበት። በግምት አይሁን፤ ከትራንዚተራችሁ ደረሰኝ ላይ ደምሩት።